የአሮጌ ቮልስዋገን የፊት መስተዋት አገጣጠም

በዛሬ መኪኖች የፊት መስተዋት የሚያያዘው በማጣበቂያ ነው። መመረቷ በ1995 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ ያበቃው ጥንዚዛ መሰሏ ቮልስዋገን ግን መስተዋቷን የሚይዝላትና ዝናብ የሚከለክልላት የጎማ ክፈፍ ነው። የይፋት ቆላ ፀሐይ ጎማውን ያደርቀዋል፤ በስንጥቁ የሚገባውም ውሃ ከሥሩ ያለውን ብረት ያዝገዋል።

አጎቴ እንዲህ ያለች መኪና ስላለው ሸዋ ሮቢት ላይ መስተዋቷን አብረን ገጠምን። አሠራሩም እንደሚከተለው ነው፤ አንደኛ፥ አዲሱን ጎማ ለመስተዋቱ ማልበስ፤ ሁለተኛ፥ የብረቱ ጠርዝ በሚገባበት የጎማው ቦይ ጠንካራ ሲባጎ ዙሪያውን መክተት፤ ሦስተኛ፥ ጎማውን የሳሙና ውሃ መቀባት፤ በመጨረሻም አንዱ ከውጭ በመዳፉ ሲጫን ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን በዝግታ መሳብ ነው። ያን ጊዜ ጎማው ብረቱን እየጎረሰ ይሄዳል።

እኔ ግን ቸኩዬ በማዕዘኑ የቀረውን ዝገት ሳልፍቀው አለፍሁ። ከቆላው ሙቀት ተነሥተን የጣርማ በርን ዳገት ስንወጣ መስተዋቱ ከዚያው ማዕዘን ጀምሮ ተሰነጠቀ። አጎቴ አልተቆጣኝም፤ «ብረቱን አይተኸው ነበር?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። መልስ አጣሁ።

ሁለተኛውን መስተዋት ስንገጥም ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ፥ የዝገት መከላከያ ቀለም ቀብቼ አደረቅሁት። የክረምቱ ዝናብ አንድ ጠብታ አላስገባም። ስለዚህ ወዳጆቼ፥ መስተዋት ስትገጥሙ ከብረቱ ጀምሩ።