ውኃ ቀጂው ልጅ

ፕሮፌሰር ዑመር ያጊ እ.ኤ.አ. በ1965 በዮርዳኖስ ዋና ከተማ አማን ከፍልስጤማውያን ስደተኞች ተወለዱ። ቤታቸው መብራት አልነበረውም፤ የቧንቧ ውኃም አልፎ አልፎ ነበር የሚመጣው። መጣ ሲባል ሮጠው የተገኘውን ዕቃ ሁሉ ይሞሉ ነበር።

በ15 ዓመታቸው አሜሪካ ገቡ። ወለል እየወለወሉ ተምረው በ1990 በኬሚስትሪ ዶክትሬታቸውን ያዙ።

ሙያቸው የብረታ ብረት አቶሞችን ከካርቦን ውሁዶች ጋር አያይዞ፣ እንደ እንጀራ ዓይን በቀዳዳ የተሞላ ጠጣር መሥራት ነው። በ1999 ይፋ ያደረጉት ሞፍ-5 የቀዳዳዎቹ ግድግዳ ቢዘረጋ፣ ሁለት ግራም ያህሉ ብቻ የኳስ ሜዳ ያክላል። ሌላው ዓይነት በአሪዞና በረሃ ሌሊት የአየሩን እርጥበት መጥጦ ቀን በፀሐይ ሙቀት ውኃ ሰጠ።

በ2025 ከሱሱሙ ኪታጋዋና ከሪቻርድ ሮብሰን ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋሩ።

ውድ ወጣቶች! ውኃ ሲጠብቅ ያደገው ልጅ ከደረቅ አየር ውኃ ቀዳ። የእናንተስ የቤት ችግር ምን ያስጠይቃችኋል?