ዳቦ ሳይሆን በሶ፤ ቼዝ ስለሚጫወቱ ትንንሽ ኮምፒውተሮች

ስለ ኮምፒውተር ልጽፍ ተነሥቼ ስለ ስንቅ ብጀምር አትሣቁብኝ። የእኔ መንደር በጨነቅ በኩል ነው። እንደ ብዙዎቻችሁ ደባርቅ ላይ ቤት ተከራይቼ ስለምማር ስንቄን የማመጣው ከቤት ነው። ከመንደራችን እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ሸክሙ በትከሻዬ ላይ ስለሆነ ሁሉን ልያዝ ብል አልችልም። ዘጠነኛ ክፍል በገባሁ ጊዜ እናቴን ዳቦ ጋግሪልኝ እያልሁ አስቸግራት ነበር። ዳቦው ከረጢቱን ሞላው፤ ሳይበላ የቀረውም ሻገተ። በሚቀጥለው ጊዜ እናቴ፥ «ልጄ፥ ዳቦ ተሸክመህ ምን ያደክምሃል? በሶ ያዝ። ውኃው እንደ ሆነ እዚያም አለ» አለችኝ። እውነትም በሶ ቦታ አይፈጅም፤ በራብ ጊዜም በውኃ ሲበጠበጥ ወዲያው ምግብ ይሆናል።

ይህ የእናቴ ምክር ዘንድሮ ካልጠበቅሁት ቦታ ትዝ አለኝ። ፕሮግራም መጻፍ ልማርበት ብዬ ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር እንዲፈቀድልኝ ብጠይቅ፥ አንድ ሰው፥ «ሜሞሪው ትንሽ ነው፤ ለምንም አይበቃም። አዲስ እስኪመጣ ጠብቅ» አለኝ። እኔ ግን የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ አዲሱ ሲመጣ እዚህ አልገኝም። ተስፋ ቈርጬ ሳለሁ፥ እኛ ሳንወለድ በፊት እጅግ ባነሰ ሜሞሪ ቼዝ የሚጫወቱ ኮምፒውተሮች እንደ ነበሩ አነበብሁ። እንዴት እንደ ቻሉ መርምሬ የደረስሁበትን ከዚህ በታች አቀርባለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ ሜሞሪ ማለት ኮምፒውተሩ ትእዛዞቹንና የሚሠራባቸውን ቍጥሮች የሚያኖርበት ጎተራ ነው። የዚህ ጎተራ መስፈሪያ ባይት ይባላል። አንድ ባይት ከ0 እስከ 255 ካሉት ቍጥሮች አንዱን ብቻ ይይዛል። ለአንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲበቃው፥ የእኛ ፊደል ግን ዛሬ በተለመደው የኮምፒውተር አጻጻፍ ሦስት ባይት ይወስዳል። እንግዲህ በ1976 በካናዳ የቶሮንቶ ነዋሪ የነበረው ፒተር ጄኒንግስ «ማይክሮቼስ» የተባለውን ፕሮግራም ጽፎ ለሽያጭ ባቀረበ ጊዜ የፕሮግራሙ ርዝመት 924 ባይት ነበር። ይህም በአማርኛ ሲታሰብ 308 ፊደል መሆኑ ነው። አሁን የምታነቡት አንቀጽ ብቻ ከዚያ ይበልጣል! በስልካችን የምናነሣው 3 ሜጋባይት የሆነ አንድ ፎቶግራፍም ማይክሮቼስን ከሦስት ሺህ ጊዜ በላይ ሊይዝ ይችላል።

ታዲያ በ308 ፊደል ቦታ ቼዝን ያህል ጨዋታ እንዴት ማስገባት ይቻላል? ብዙ ሰው ኮምፒውተር ቼዝ የሚችለው ጨዋታውን ሁሉ ሸምድዶ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ነገር ግን አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ እንደ ገመተው፥ ሊደረጉ የሚችሉት የቼዝ ጨዋታዎች ብዛት ከ1 በኋላ 120 ዜሮ ተጽፎ የሚገኘውን ቍጥር ያህላል። ይህን ሁሉ ሊሸከም የሚችል ጎተራ በዓለም ላይ የለም። ስለዚህ ትልቁም ሆነ ትንሹ ኮምፒውተር ዳቦ መሸከም አይችልም፤ የሚይዘው በሶ ነው። ይኸውም የተጋገረውን መልስ ሳይሆን መልሱ የሚገኝበትን ደንብ ይዞ ይቀመጥና ተራው በደረሰ ጊዜ ያን ጊዜውኑ በጥብጦ ያወጣዋል ማለት ነው።

ደንቡም ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ዋጋ መስጠት ነው። ሻነን ለንግሥት 9፥ ለግንብ 5፥ ለጳጳስና ለፈረስ 3፥ ለወታደር 1 ነጥብ ሰጥቷል። የራስን ደምሮ የተቃራኒን መቀነስ ማን እንደሚበልጥ በግምት ያሳያል። ሁለተኛው ወደ ፊት ማየት ነው። «እኔ ይህን ባደርግ እርሱ ምን ያደርጋል?» እያሉ እያንዳንዱን መንገድ መመርመርና፥ ተቃራኒው የሚቻለውን ክፉ ሁሉ ቢያደርግ እንኳ የሚጎዳው ያነሰውን መንገድ መምረጥ ነው።

እንግሊዛዊው አላን ቱሪንግ እንዲህ ያለ ደንብ አዘጋጅቶ፥ የሚያስኬድለት ኮምፒውተር ባለመኖሩ፥ በ1952 ራሱ እንደ ኮምፒውተር ሆኖ በወረቀትና በእርሳስ እያሰላ ከአንድ ሰው ጋር ተጫውቶ ነበር። ለአንድ እርምጃ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበት ነበር፤ በመጨረሻም ተሸነፈ። ይህን ባነበብሁ ጊዜ፥ «ቱሪንግ ያለ ኮምፒውተር ከሠራ እኛን ምን ከለከለን?» ብዬ ከአንድ የክፍል ጓደኛዬ ጋር ተማከርሁ። ከካርቶን ሰሌዳ፥ ከጠርሙስ ቆርኪ ደግሞ ንጉሥና ወታደር ሠራን። ደንቡን በደብተር ላይ ጻፍን፤ እኔ ደብተሩ የሚያዘውን ብቻ እንድፈጽም፥ ጓደኛዬ ግን በራሱ አሳብ እንዲጫወት ተስማማን።

የመጀመሪያው ደንባችን የራስን እርምጃ ብቻ የሚያይ ነበር። ደብተሩም ንግሥቲቱን ልኮ አንድ ወታደር አስበላ፤ ጓደኛዬ በፈረሱ ንግሥቲቱን በላት። አንድ ነጥብ አግኝቶ ዘጠኝ መክሰር ማለት ይህ ነው። በማግሥቱ ደንቡን አሻሽለን የተቃራኒውንም መልስ እንዲያይ አደረግነው። በተለመደ ጨዋታ ላይ ለአንዱ ወገን 30 ያህል እርምጃ ስለሚኖረው፥ እያንዳንዱም 30 ያህል መልስ ስላለው፥ የሚመረመረው መንገድ 900 ሆነ። ይህን ሁሉ በእጅ መመርመር ስላቃተን መብላትና መበላት ያለባቸውን መንገዶች ብቻ መረጥን። ጥቂት ጊዜ መልካም ሄደ። ከዚያ በኋላ የጓደኛዬ ፈረስ ንጉሤንና ግንቤን በአንድ ጊዜ አጠመዳቸው። ደብተሩ ያየው እስከ ፈረሱ መምጣት ድረስ ብቻ ስለ ነበረና በዚያ እርምጃ ምንም ስላልተበላ፥ አደጋ የለም ብሎ ነበር። ንጉሡን ሳሸሽ ግንቡ ተበላ።

የስሜን ልጅ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በጉም ጊዜ ሸንተረሩ ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ፊቱ ያለው ሜዳ ደልዳላ ይመስለዋል፤ ገደሉ ያለው ግን ዐይኑ ከሚደርስበት አንድ እርምጃ ወዲያ ነው። የቼዝ ኮምፒውተር ሁሉ እንዲህ ያለ የማየት ዳርቻ አለው። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ለማየት በሞከሩ ቍጥር የመንገዱ ብዛት በ30 ይባዛል፤ አራት እርምጃ ቢሆን 810,000 ይደርሳል።

ጄኒንግስ ይህን ሁሉ ያስገባበት «ኪም 1» የተባለው ኮምፒውተር 1,152 ባይት ሜሞሪ ብቻ ነበረው። የሰሌዳ ሥዕል የሚታይበት መስኮት አልነበረውም፤ ስድስት አኃዝ ብቻ የሚያበራ ነበር። ብልሃቱ ምን እንደ ነበረ ሦስቱን ልግለጽ። መጀመሪያ 64ቱን ቤቶች በመመዝገብ ፈንታ 32ቱን ተጫዋቾች ብቻ መዘገበ፤ ለእያንዳንዱም ያለበትን ቤት በአንድ ባይት ጻፈ። ባዶ ቤት መዝገብ አያስፈልገውምና ሰሌዳው በሙሉ በ32 ባይት አለቀ። ሁለተኛ፥ ወደ ፊት በሚያይበት ጊዜ አዲስ ሰሌዳ አይገለብጥም ነበር። በዚያው ሰሌዳ ላይ እርምጃውን ይሞክርና የነበረበትን ብቻ አስታውሶ መልሶ ያነሣዋል። ሦስተኛ፥ ለየቤቱ ባለ ሁለት አኃዝ ቍጥር ሰጠ፤ አንዱ አኃዝ ረድፉን፥ ሌላው ዓምዱን ያመለክታል፤ ሁለቱም ከ0 እስከ 7 ናቸው። ከሁለቱ አንዱ ከ7 ካለፈ ተጫዋቹ ከሰሌዳው ወጥቷል ማለት ነው፤ ይህንንም በአንድ ምርመራ ብቻ ያውቀዋል። አራት ጠርዝ አራት ጊዜ ከመጠየቅ አንድ ጊዜ መጠየቅ ብዙ ባይት ያተርፋል።

ከዚህ በኋላ ቼዝ የሚጫወት ዕቃ ወደ ሰው ቤት ገባ። በ1977 ቀድሞ የመስሚያ መርጃ መሣሪያ ይሠራ የነበረው ፊደሊቲ ኤሌክትሮኒክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ «ቼስ ቻሌንጀር» የሚባለውን አወጣ። የመጀመሪያው ምርት ሲወጣ የረድፍና የዓምድ ምልክቱ ተገለባብጦ የታተመ ነበር፤ ስለዚህ ትልልቆቹም ይሳሳታሉና ስንሳሳት አንፈር። በ1978 «ቦሪስ» የተባለው መጣ፤ ይህም እየተጫወተ በትንሽ መስኮቱ ተቃራኒውን የሚያሾፍበት ቃል ያሳይ ነበር። በ1979 የወጣው «ቦሪስ ዲፕሎማት» ደግሞ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራና ለመንገደኛ የሚመች ነበር።

እጅግ ያስደነቀኝ ግን ዴቪድ ሆርን የተባለው ሰው የጻፈውና በ1983 በእንግሊዝ አገር መጽሔት የታተመው ነው። እርሱ «ዜድ ኤክስ 81» በተባለው ኮምፒውተር ላይ በ672 ባይት ቼዝ አስገባ፤ ይህም በእኛ 224 ፊደል ነው። ለዚህ ሲል ግን ሦስት ሕጎችን መተው ነበረበት፤ ንጉሡን ከግንቡ ጋር ማዛወርን፥ ሁለት ቤት የተራመደን ወታደር በማለፊያው መብላትን፥ መጨረሻ የደረሰን ወታደር መለወጥን። ሲጠብ የሚተወውን መምረጥ ከባድ ነው፤ ዋናውንና ተጨማሪውን ለይቶ ያላወቀ ሰው ሊመርጥ አይችልም። ሜሞሪ በሞላበት በዛሬው ዘመን እንኳ፥ በ2015 ኦሊቪዬ ፑዳድ የተባለ ሰው 487 ባይት ብቻ የሆነ የቼዝ ፕሮግራም ጽፏል።

እዚህ ላይ ስደርስ አሳቤ ወደ አገራችን ተመለሰ። እኛ ራሳችን ሰንጠረዥ የሚባል ጥንታዊ ቼዝ ነበረን። በ1860 በጎንደር የሞተው የእንግሊዝ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ከሞተ በኋላ በ1868 በታተመው መጽሐፉ ስለዚሁ ጨዋታ ጽፏል፤ ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክኸርስትም በ1971 ታሪኩንና ሕጉን ሰብስበው አሳትመዋል። ተጫዋቾቹ ንጉሥ፥ ፈርዝ፥ ደር፥ ፊል፥ ፈረስና መደቅ ይባላሉ። ፈርዝ በማዕዘን አንድ ቤት ብቻ ይሄዳል፤ ፊል በማዕዘን ሁለት ቤት ይዘላል፤ መደቅ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ልብ በሉ! ንጉሥን ከግንብ ጋር ማዛወር በሰንጠረዥ የለም፤ መደቅም ሁለት ቤት ስለማይራመድ በማለፊያ መብላት የለም። ሆርን ለቦታ ሲል ከጣላቸው ሦስት ሕጎች ሁለቱ በአባቶቻችን ጨዋታ ከመጀመሪያውም አልነበሩም። ስለዚህ ሰንጠረዥ ለጠባብ ሜሞሪ ከቼዝ ይልቅ የሚስማማ ጨዋታ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሆኖም አንድ ከባድ ነገር አለበት። ጨዋታው ሲጀመር «ወረራ» የሚባል ጊዜ አለ፤ የመጀመሪያው ተጫዋች እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ እንደ ፈለጉ ይንቀሳቀሳሉ። «እኔ ይህን ባደርግ እርሱ ምን ይመልሳል?» የሚለው የሻነን ደንብ የቆመው በተራ ላይ ነው። ተራ በሌለበት ያ ደንብ መነሻ ያጣል። ለወረራ አዲስ ደንብ ማሰብ ያስፈልጋል፤ ይህንንም ከውጭ አገር ተቀድቶ እስኪመጣልን መጠበቅ የለብንም።

ድህነት ጥበብ ነው ማለቴ አይደለም፤ በሶ የሚበላ ሰውም ድግስ አይጠላም። ሰፊ ሜሞሪ ያለው ኮምፒውተር ቢመጣልን ደስታዬ ወሰን የለውም። ነገር ግን «ለምንም አይበቃም» የሚለው ቃል እውነት አለመሆኑን አሁን አውቄአለሁ። ያን አሮጌ ኮምፒውተር ደግሜ ለምኜ ተፈቀደልኝ፤ የሰንጠረዥን ፕሮግራምም ጀምሬበታለሁ። እስካሁን ሰሌዳውን በ32 ባይት መዝግቤ፥ የመደቅን፥ የፈርዝንና የፈረስን አካሄድ ጨርሻለሁ፤ የፊልና የደር እንዲሁም የወረራው ነገር ገና ነው። ፈተናው ስለ ደረሰ ግን እኔ ላልጨርሰው እችላለሁ።

ስለዚህ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል እኅቶቼና ወንድሞቼ ሆይ! ደብተሩን ለመምህራችን ትቼላችሁ እሄዳለሁና ተቀበሉኝ። መምህራን ሆይ፥ በዕረፍት ቀንም ክፍሉን እንድትከፍቱልን እንለምናለን። ክቡራን ወላጆች፥ ከመካከላችሁ ስለ ሰንጠረዥ ከአያት ከቅድመ አያት የሰማ ቢኖር ሳይጠፋ እንዲነግረን በትሕትና እጠይቃለሁ። እናቴ ሆይ፥ ማንበብ ባትችይም ይህን ጽሑፍ ለክረምት ስመጣ አነብልሻለሁ፤ የበሶው ምክር የት እንደ ደረሰ ያን ጊዜ ትሰሚያለሽ።