ጆሮ ዝም አልል ሲል



በዛሬው ዓምዳችን ብዙዎች የሚቸገሩበትን፣ ነገር ግን ለሐኪም ለመናገር የሚያመነቱበትን ጉዳይ እናነሳለን። ይኸውም የጆሮ ጩኸት ነው። በሕክምና አጠራሩ ቲኒተስ ይባላል። ከውጭ ምንም ድምፅ ሳይኖር ጆሮ ውስጥ ወይም ጭንቅላት ውስጥ ድምፅ ሲሰማ ማለት ነው። አንዱ «ጭው ይልብኛል» ይላል፤ ሌላው እንደ ፉጨት፣ እንደ ንብ ወይም ከሩቅ እንደሚሰማ ጄኔሬተር አድርጎ ይገልጸዋል።

ጆሮው ለጥቂት ሰኮንድ ጮኾበት የማያውቅ ሰው የለም። «ማን እያማኝ ይሆን?» ተብሎ ይሳቅና ይታለፋል። እንዲህ ያለው ጩኸት የሚያሳስብ አይደለም። የዛሬው ርዕሳችን ሳምንታትና ወራት አልፈውት የማይለቀው፣ እንቅልፍ የሚነሳውና ሐሳብ የሚበትነው ጩኸት ነው። በ2022 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የብዙ አገር ጥናቶችን ያጠቃለለ ጽሑፍ ከአዋቂዎች መካከል ከመቶ 14 የሚሆኑት ይህ ስሜት እንዳለባቸው፣ ይህም በዓለም ላይ ከ740 ሚሊዮን ሰው በላይ እንደሚሆን ገምቷል። ከመቶ ሁለት በሚሆኑት ላይ ደግሞ ከባድ ነው። ስለዚህ ጆሮዎ የሚጮኽብዎ ከሆነ ብቻዎን አይደሉም፤ አእምሮዎም አልተነካም።

ችግሩ አዲስም አይደለም። ከ980 እስከ 1037 (እ.ኤ.አ.) የኖረው ታላቁ ሐኪም ኢብን ሲና «አል-ቃኑን ፊ-ጥ-ጢብ» በተሰኘው መጽሐፉ ስለ ጆሮ በሚያወሳው ክፍል ስለዚሁ ጩኸት ራሱን የቻለ ምዕራፍ ጽፏል።

ድምፁ ከየት ይመጣል?

በውስጠኛው ጆሯችን ውስጥ እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት የተጠመዘዘ አካል አለ። በውስጡ ፀጉር የሚመስሉ እጅግ ጥቃቅን ሕዋሳት ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ጆሮ 15 ሺህ ያህል ናቸው። ሥራቸው ድምፅን ተቀብለው ወደ አንጎል መላክ ነው። በእርጅና፣ በከባድ ድምፅ ወይም በመድኃኒት ሲጎዱ ግን በሰው ልጅ ላይ ተመልሰው አይበቅሉም።

ከእነዚህ ሕዋሳት የሚመጣው መልእክት ሲቀንስ አንጎል የጎደለውን ፍለጋ ራሱን ያነቃል። የሬዲዮ ጣቢያ ሲጠፋብን ድምፁን ከፍ ስናደርግ ሽሽታው እንደሚበረታ ማለት ነው። ብዙውን ጊዜ የምንሰማው ጩኸት ይህ ሽሽታ ነው። ለዚህም ነው ጩኸቱ ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ፣ ልብ ባይሉትም እንኳ፣ መስማታቸው የቀነሰው።

ሁልጊዜ ግን ምክንያቱ ይህ አይደለም። የተጠቀጠቀ የጆሮ ኩክ፣ የጆሮ ኢንፌክሽን፣ የደም ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ የመንጋጋ መገጣጠሚያ ሕመምም ጆሮን ያስጮኻሉ። እነዚህ ሊታከሙ የሚችሉ በመሆናቸው የመጀመሪያው እርምጃ መመርመር ነው።

ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች

የሚከተሉት ካጋጠሙዎ «ይለቀኝ ይሆናል» ብለው አይጠብቁ፦

- አንዱ ወይም ሁለቱ ጆሮ በድንገት፣ በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ መስማት ከቀነሰ። ይህ አጣዳፊ ነው። ሊረዳ የሚችለው መድኃኒት በቶሎ፣ በተለይም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ሲጀመር የተሻለ ውጤት አለው። በዚያው ዕለት ይሂዱ።
- ጩኸቱ ከልብ ምት ጋር እኩል «ድም፣ ድም» የሚል ከሆነ። የደም ሥርና የደም ግፊት ምርመራ ያስፈልገዋል።
- ጩኸቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነና ካልለቀቀ።
- ከብርቱ ማዞር፣ ከፊት መጣመም ወይም ከጆሮ መግል መፍሰስ ጋር ከመጣ።
- ጭንቅላት ከተመታ በኋላ ከጀመረ።
- ጩኸቱ ሕይወትን እስከማስጠላት ካደረሰ። ይህን መናገር ነውር አይደለም፤ ለቅርብ ሰውና ለሐኪም ሳይውል ሳያድር መነገር አለበት።

ምርመራውን በአቅራቢያዎ ካለው ጤና ጣቢያ መጀመር ይቻላል። ጆሮ በመመልከቻ መሣሪያ ይታያል፤ ኩክ ካለ ይወጣል፤ ግፊትና ደም ይለካል። ከዚያ ካለፈ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ በሪፈር ይላካሉ። በአዲስ አበባ እንደ ቅዱስ ጳውሎስና የካቲት 12 ባሉ ሆስፒታሎች ይህ ክፍል አለ። ሲሄዱ የመስማት መጠን ልኬት እንዲሠራልዎ ይጠይቁ።

መድኃኒትና ጆሮ

እንደ ፋርማሲ ባለሙያ አጥብቄ የምናገረው ስለዚህ ነው። ጆሮን የሚያስጮኹ መድኃኒቶች በየቤታችን አሉ።

አስፕሪን በብዛት ሲወሰድ ጆሮ ያስጮኻል፤ መጠኑ ሲቀንስ ወይም ሲቆም ብዙውን ጊዜ ይለቃል። ለልብ ተብሎ በሐኪም የሚታዘዘው አነስተኛ አስፕሪን (ከ75 እስከ 100 ሚሊ ግራም) ግን ይህን የሚያደርገው እምብዛም ስለሆነ በራስዎ እንዳያቋርጡ። አይቡፕሮፌንን የመሳሰሉ የሕመም ማስታገሻዎችም አብዝተው ለሚወስዱ ሰዎች እንዲሁ ናቸው። በረመዳን የቀኑን ሁሉ ልክ አጠራቅሞ በኢፍጧር ጊዜ በአንድ ላይ መዋጥም ትክክል አይደለም። ሰዓቱ እንዴት እንደሚስተካከል ጾሙ ሳይገባ ሐኪምዎን ወይም የፋርማሲ ባለሙያውን ያማክሩ።

ለወባ የሚሰጠው ኪኒንም ጆሮን ያስጮኻል፤ ሕክምናው ሲያልቅ በአብዛኛው ይተዋል።

ይበልጥ የሚያስፈሩት ጄንታማይሲን፣ ስትሬፕቶማይሲን፣ አሚካሲንና ካናማይሲን የተባሉት መርፌዎች ናቸው። እነዚህ የጆሮን ሕዋሳት ለዘለቄታው ሊገድሉ ይችላሉ። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ለብዙ ወራት ይሰጡ ከነበሩት መርፌዎች መካከል ካናማይሲንን የዓለም ጤና ድርጅት ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ አይመክረውም፤ ሕክምናውም ወደሚዋጡ መድኃኒቶች ዞሯል። ሌሎቹ ዛሬም ነፍስ የሚያድኑበት ቦታ አለ። ስለዚህ ምክሬ «አትወጉ» አይደለም። ምክሬ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትወጉ፣ እየተወጋችሁ ጆሮ ከጮኸ ወይም ከከበደ በዚያው ዕለት ለሐኪሙ ተናገሩ ነው። የታዘዘ መድኃኒትን በራስ ፈቃድ ማቋረጥም የራሱ አደጋ አለው።

ጆሮ ውስጥ የሚንጠባጠብ ነገር

«ጆሮዬ ይጮኻል፤ ጠብታ ስጪኝ» የሚል ደንበኛ ሳይመጣ የሚያልፍ ሳምንት የለም። አብዛኛው ጩኸት የሚመነጨው ጠብታ ከማይደርስበት ከውስጠኛው ጆሮና ከአንጎል ስለሆነ ጠብታ አይፈውሰውም። ታምቡር ተበስቶ ከሆነ ደግሞ የጄንታማይሲን ጠብታ ወደ ውስጥ ዘልቆ የቀረውን መስማት ሊጎዳ ይችላል። ታምቡር መበሳቱን ሳያዩ ማወቅ አይቻልም።

የነጭ ሽንኩርት ጭማቂ የጆሮን ቆዳ ያቃጥላል። ሐበቱ ሰውዳን (ጥቁር አዝሙድን) የምንወደው በማዕዳችን ላይ ነው፤ ዘይቱ የጆሮ ጩኸትን ስለመፈወሱ ግን ማስረጃ የለም፤ መግል በሚያወጣ ጆሮ ውስጥ መጨመሩም ይጎዳል። የጆሮ መጥረጊያ ጥጥ፣ ክብሪትና የፀጉር ጌጥ ኩኩን ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገፉታል። ጆሮ ራሱን በራሱ ያጸዳል፤ ለውዱእ ስናብስ በጣታችን የምንደርስበት ይበቃዋል።

«ለጩኸቱ ብቻ» ተብለው የሚሸጡ እንክብሎችንም ይጠንቀቁ። የአሜሪካ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪሞች አካዳሚ በ2014 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ጂንኮ፣ ዚንክ፣ ሜላቶኒንና መሰል ማሟያዎች ለዚህ እንዳይታዘዙ መክሯል። እስከ ዛሬም ጩኸቱን የሚያጠፋ ተብሎ የተረጋገጠ ክኒን የለም። ይህን የምለው ተስፋ ለማስቆረጥ ሳይሆን ገንዘብዎ ለሚጠቅም ነገር እንዲውል ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ወፍጮ ቤት አጠገብ የሚኖር ሰው ከጊዜ በኋላ የወፍጮውን ድምፅ ልብ አይለውም፤ እንግዳ ሲመጣ ግን «እንዴት ትኖራላችሁ?» ይላል። ድምፁ ያው ነው፤ የነዋሪው አንጎል «ይህ አይጎዳም» ብሎ ትቶታል። እናትም ነጎድጓድ ሳይቀሰቅሳት የሕፃኗ ስንቅስቅታ ይቀሰቅሳታል፤ አንጎል የሚያደምጠው አስጊ ወይም አስፈላጊ ያለውን ነውና። ጩኸቱን የፈራ ሰው አንጎሉን ዘብ ያቆምበታል። ተመርምሮ ከባድ ነገር እንደሌለው ያወቀ ሰው ግን ዘቡን ማንሳት ይጀምራል። ብዙዎች በወራት ውስጥ የሚያገኙት እፎይታ ይህ ነው፤ ጩኸቱ ቢኖርም አያስጨንቅም።

ይህን የሚያፋጥኑ ነገሮች አሉ።

ፍጹም ጸጥታን አይፈልጉ። በ1953 (እ.ኤ.አ.) ሄለርና በርግማን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች መስማታቸው ደህና የሆነ 80 ሰዎችን ድምፅ በማይገባበት ክፍል አስቀምጠው የሚሰሙትን ጠየቋቸው። ከመቶ 94ቱ የሆነ ድምፅ ሰማን አሉ። ጸጥታ ጤነኛውንም ጆሮ ያስጮኻል። ስለዚህ ሲተኙ የአየር ማራገቢያ ወይም በስልክዎ የዝናብ ድምፅ ዝቅ አድርገው ይክፈቱ። መጠኑ ከጩኸቱ ትንሽ ያነሰ ይሁን፤ መስጠም የለበትም። ቁርኣን ሲቀራ ግን ማድመጥ ስለሚገባ፣ ለእንቅልፍ ማስያዣ ተራ ድምፅ ቢመርጡ የተሻለ ይመስለኛል።

መስማትዎ ከቀነሰ ማዳመጫ መሣሪያ ያድርጉ። የጎደለው ድምፅ ሲመለስ አንጎል ፍለጋውን ይቀንሳል። አባት ወይም እናት ቴሌቪዥን እያስጮኹ፣ «ምን አልክ?» እያሉ ከሆነ «አርጅተዋል» ብላችሁ አትተዉ፤ አስመርምሯቸው።

ሐሳብን ማከም። ከፍተኛ ማስረጃ ያለው ሕክምና ኮግኒቲቭ ቢሄቪዮራል ቴራፒ የሚባለው የምክክር ሕክምና ነው። ስለ ጩኸቱ ያለንን ፍርሃትና ከፍርሃቱ የሚመጣውን ልማድ በሥልጠና ያርማል። የአእምሮ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ መሄድ እብድ መባል አይደለም።

ሰላት ላይ ሲጮኽ አይደናገጡ። መስጂዱ ጸጥ ሲል፣ በተለይ በሱጁድ፣ ጩኸቱ ጎልቶ ይሰማል። አይታገሉት፤ «አለ» ብለው ልብዎን ወደሚቀሩት ቃል ይመልሱ። ብቻዎን ሲሰግዱ ለራስዎ በሚሰማ መጠን መቅራት ያግዛል።

ምግብና መጠጥ

ጆሮ የሚፈውስ የተለየ ምግብ የለም። ቡና ማቆም ጩኸቱን እንደሚያስታግስ አልተረጋገጠም፤ በድንገት መተውም ራስ ምታት ያመጣል። ከዓሥር በኋላ የሚጠጣው ቡናና የሚቃመው ጫት ግን እንቅልፍ ይነሳል፤ ጫት የደም ግፊትንም ከፍ ያደርጋል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ጩኸቱ ይበረታበታል። ማዞር እየመጣ የሚሄድ፣ ከእርሱም ጋር ጆሮ የሚደፈንና የሚጮኽ ከሆነ ሐኪም ጨው እንዲቀንሱ ሊመክርዎ ይችላል። የደም ማነስ ከተገኘ ምስር፣ ጎመን፣ ሥጋና የታዘዘው የብረት ክኒን ያስፈልጋሉ።

የቀረውን ጆሮ እንጠብቅ

85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን ከ8 ሰዓት በላይ ጆሮን ይጎዳል፤ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በብረታ ብረት፣ በእንጨትና በወፍጮ ሥራ ላይ ያላችሁ የጆሮ መሸፈኛ አድርጉ። በኒካሕ ድግስ ልጆችን ከስፒከር አጠገብ አታስቀምጡ። የመስጂድ ኮሚቴዎችም ስፒከሩ ከሰጋጁ ጆሮ ፊት ለፊት እንዳይሰቀል ብታዩ መልካም ነው። ለጆሮ ማዳመጫ ተጠቃሚ ወጣቶች የዓለም ጤና ድርጅት ልክ በሳምንት 40 ሰዓት፣ ያውም በ80 ዴሲቤል ነው። ድምፁ 100 ዴሲቤል ከደረሰ በሳምንት ከ20 ደቂቃ አይበልጥም።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። ጩኸቱ ለሌላ ሰው ስለማይሰማ «ምንም የለብህም» ማለት ይቀናናል። እርሱ ግን እየሰማው ነው። «ተመርምረሃል? ሌሊቱን እንዴት አደርክ?» ብሎ መጠየቅ ከብዙ ጠብታ ይሻላል።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋእ ይስጥልን፤ ያለንን ጤናም በአግባቡ የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።