በኤንቢኤ ድራፍት ማን ስንተኛ ይመረጣል? ትንበያው የሚያየውና የማያየው

ሰኔ 18/2017 ዓ.ም. ምሽት፣ ኒውዮርክ ብሩክሊን በሚገኘው ባርክሌይስ ማዕከል የ18 ዓመቱ ደቡብ ሱዳናዊ ካማን ማሉዋች ስሙ ተጠራ። የሰሜን አሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ ኤንቢኤ አዳዲስ ተጫዋቾችን በሚቀበልበትና 'ድራፍት' ተብሎ በሚታወቀው ዓመታዊ ምርጫ 10ኛ ሆኖ ተመረጠ። ወዲያው ለቴሌቪዥን በሰጠው ቃለ ምልልስ ስለ አገሩና ስለ አፍሪካ ሲናገር እንባውን መቆጣጠር አልቻለም።

ውጤቱ ለተንታኞች ያልተጠበቀ አልነበረም። ለወራት ሲወጡ የነበሩ ትንበያዎች ማሉዋችን ከቀዳሚዎቹ ተመራጮች ተርታ አስቀምጠውታል። ይሁንና ከዚያ ምሽት ሦስት ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት፣ ወጣቱ በድራፍቱ መገኘቱ ቀርቶ አሜሪካ ውስጥ መቆየቱ ራሱ አጠያያቂ ሆኖ ነበር። አጠያያቂ ያደረገውም በሜዳ ላይ ያሳየው ብቃት ሳይሆን የያዘው ፓስፖርት ነው።

የድራፍት ትንበያ ዛሬ በመረጃ የዳበረ ሙያ ሆኗል። ከሱዳንና ከአካባቢዋ በስደት የወጡ ቤተሰቦች ልጆች ታሪክ ግን ይህ ሙያ በቀላሉ ሊለካቸው የማይችላቸው ነገሮች እንዳሉ ያሳያል።

ድራፍት እንዴት ይሠራል?

በኤንቢኤ የሚወዳደሩት 30 ክለቦች ናቸው። በድራፍቱ እያንዳንዱ ክለብ ተራው ሲደርስ አንድ ተጫዋች ይመርጣል። ምርጫው ሁለት ዙር ያለው ሲሆን በመደበኛው አሠራር በአጠቃላይ 60 ዕድሎች አሉ። ወጣቱ የሚጫወትበትን ክለብ አይመርጥም፤ ክለቡ ነው እርሱን የሚመርጠው።

የተራው ቅደም ተከተል ደካማ ክለቦችን ለማጠናከር የታለመ ነው። በዓመቱ ዝቅተኛ ውጤት ያስመዘገቡት ቀድመው ይመርጣሉ። ነገር ግን ክለቦች ቀዳሚውን ተራ ለማግኘት ሲሉ ሆን ብለው እንዳይሸነፉ ለመከላከል፣ ከ1985 (እአአ) ጀምሮ የመጀመሪያዎቹ ተራዎች በዕጣ ይወሰናሉ። ወደ ጥሎ ማለፍ ያላለፉ 14 ክለቦች በዕጣው ይሳተፋሉ። ከ2019 ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ መሠረት፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ደረጃዎች የያዙት ክለቦች አንደኛውን ተራ የማግኘት ዕድላቸው እያንዳንዳቸው 14 በመቶ ብቻ ነው።

በዚህ ምክንያት ትንበያው ገና ከመነሻው በዕድል ላይ የቆመ ነው። በ2025 በሊጉ ዝቅተኛውን ውጤት ያስመዘገበው ዩታ ጃዝ ወደ አምስተኛ ተራ ተንሸራተተ። በአንጻሩ 1.8 በመቶ ዕድል ብቻ የነበረው ዳላስ ማቭሪክስ አንደኛውን ተራ አግኝቶ፣ ሁሉም አንደኛ ይሆናል ያሉትን የዱክ ዩኒቨርሲቲውን ኩፐር ፍላግን ወሰደ። ተንባዮች ማን እንደሚመረጥ ያውቁ ነበር፤ የት እንደሚሄድ ግን ዕጣው እስኪወጣ ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር።

የደረጃው ልዩነት የስም ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው ዙር የሚመረጡ ተጫዋቾች ደመወዝ በሰንጠረዥ የተወሰነ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ክፍያ ዋስትና አለው። ፍላግ በመጀመሪያው ዓመት የሚያገኘው 13.8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ይህም 30ኛ ሆኖ የሚመረጥ ተጫዋች ከሚያገኘው አምስት እጥፍ ያህል ነው። በሁለተኛው ዙር ለሚመረጡት ደግሞ ሕጉ እንዲህ ያለ ዋስትና አይሰጥም። ለቤተሰቡ ብቸኛ ተስፋ ለሆነ ወጣት፣ በ30ኛውና በ31ኛው ደረጃ መካከል ያለው ርቀት እጅግ ሰፊ ነው።

ተንባዮቹ ምን ይመለከታሉ?

ተንታኞች ሁለት ዓይነት ዝርዝር ያወጣሉ። የመጀመሪያው ወጣቶቹን በችሎታቸው ብቻ በደረጃ የሚያስቀምጥ ነው። ሁለተኛው የትኛው ክለብ ማንን እንደሚወስድ የሚገምት ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ አምስተኛው ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የሚታሰብ ወጣት፣ በቦታው በቂ ተጫዋች ባላቸው ክለቦች ታልፎ ዘጠነኛ ወይም አሥረኛ ሊሆን ይችላል።

ለችሎታው መለኪያ ቀዳሚው የኮሌጅ ውድድር ነው። መልማዮች ነጥቡን ብቻ ሳይሆን ተጫዋቹ በስንት ደቂቃ፣ በምን ዓይነት ሙከራና በየትኛው ተጋጣሚ ላይ እንዳስመዘገበው ያጠናሉ። ቀጥሎ በቺካጎ በሚካሄደው የልኬት መርሐ ግብር የወጣቶቹ ቁመት፣ የክንዳቸው ርዝመትና የዝላያቸው ከፍታ ይለካል፤ የሕክምና ምርመራም ይደረጋል። ክለቦች ወጣቶቹን ጠርተው ያነጋግራሉ፤ ልምምድም ያሠሯቸዋል።

ማሉዋች በእነዚህ መመዘኛዎች ሲታይ ሁለት መልክ ነበረው። ያለ ጫማ 2.15 ሜትር የሚረዝም ሲሆን ክንዶቹ ሲዘረጉ 2.30 ሜትር ይደርሳሉ። ከሞከራቸው ኳሶች ከ70 በመቶ በላይ የሚሆኑትን አስቆጥሯል። በአንጻሩ በዱክ በአንድ ጨዋታ ያስመዘገበው በአማካይ 8.6 ነጥብና 6.6 ሪባውንድ ነበር። ዱክ በሂውስተን ዩኒቨርሲቲ 70 ለ 67 በተሸነፈበት የኮሌጆች ግማሽ ፍጻሜ ደግሞ አንድም ከቅርጫቱ የነጠረ ኳስ ሳይዝ ወጥቷል።

ተንታኞች እነዚህን ቁጥሮች ከዕድሜው ጋር ነው ያነበቧቸው። ማሉዋች በሩምቤክ ተወልዶ ኡጋንዳ ውስጥ ያደገ ሲሆን፣ ቅርጫት ኳስ የጀመረው በ2019 ነው። ከዚያ በሴኔጋል የሚገኘው የኤንቢኤ የአፍሪካ አካዳሚ ተቀብሎት በአፍሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ ተጫወተ፤ በ17 ዓመቱም በፓሪስ ኦሊምፒክ አገሩን ወከለ። በዚህ ፍጥነት የተጓዘ ወጣት ገና ብዙ ሊያድግ ይችላል የሚለው ግምት ድክመቱን አካካሰለት።

በመጨረሻም የክለቦች ልውውጥ አለ። የማሉዋችን ስም የጠራው ሂውስተን ሮኬትስ ቢሆንም፣ ያ ተራ ከቀናት በፊት ኬቨን ዱራንትን ለማግኘት ለፊኒክስ ሰንስ እንዲሰጥ ስምምነት ተደርሶበት ነበር። ረጅም ተጫዋች ያስፈልገው የነበረውም ፊኒክስ ነው።

ትንበያው ሲስት

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወይም ሦስት ተመራጮች መገመት ብዙ ጊዜ አይከብድም። ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ግን ስህተቱ ይበዛል፤ እያንዳንዱ ያልታሰበ ምርጫ ከእርሱ በኋላ የሚመጡትን ሁሉ ያናጋልና። በዚያው በ2025 ብዙዎች በሁለተኛው ዙር ያስቀመጡት ቻይናዊው ያንግ ሃንሰን 16ኛ ሆኖ ተመርጧል። ኋላ የሊጉ ኮከብ የሆነው ሰርቢያዊው ኒኮላ ዮኪች በ2014 የተመረጠው 41ኛ ሆኖ ነበር።

ካርቱም ውስጥ የተወለደው ቦል ቦል ደግሞ የዚህን ሌላኛ ገጽታ አይቷል። የቀድሞው ዝነኛ ተጫዋች የማኑት ቦል ልጅ የሆነው ይህ ወጣት በኦሪገን ዩኒቨርሲቲ በአማካይ 21 ነጥብ ሲያስቆጥር ቆይቶ፣ ዘጠኝ ጨዋታ ብቻ እንዳደረገ እግሩ ላይ ጉዳት ደረሰበት። በ2019 ድራፍት በመጀመሪያው ዙር ይመረጣል ተብሎ ተጋባዦች በሚቀመጡበት ስፍራ ተገኝቶ ነበር። ስሙ የተጠራው ግን 44ኛ ላይ ነው። ክለቦች የሚያዩትን የሕክምና መረጃ ተንታኞች ሙሉ በሙሉ አያዩትም፤ የትንበያ ትልልቅ ስህተቶች አንዱ ምንጭም ይኸው ነው።

ከዋው ከተማ የወጣው ቶን ሜከር በ2016 ተቃራኒው ገጠመው። ከኮሌጅ ሳይሆን ካናዳ ከሚገኝ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ ስለመጣ በጠንካራ ውድድር ያስመዘገበው መረጃ አልነበረም። ብዙዎች ወደ መጀመሪያው ዙር መጨረሻና ከዚያ በታች ቢያወርዱትም፣ ሚልዋኪ ባክስ 10ኛ አድርጎ መርጦታል።

ዕድሜ፣ ፓስፖርትና ቪዛ

በትንበያው ውስጥ ዕድሜ ከባድ ሚዛን አለው። ተመሳሳይ ነጥብ ያስቆጠሩ የ19 እና የ22 ዓመት ወጣቶች እኩል አይታዩም፤ ታናሹ ገና የማደጊያ ጊዜ አለው ተብሎ ይታሰባል። ለዚህ ግን የተረጋገጠ የልደት ቀን ያስፈልጋል።

በስደት ላደገ ልጅ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። በምሥራቅ ሱዳን፣ ከዋድ መዳኒ ወደ ገዳሪፍ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ፋው በራሃድ የመስኖ እርሻ ትታወቃለች። በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ጦርነት ወቅት በአካባቢዋ የተቋቋሙ መጠለያ ካምፖች ድንበር ተሻግረው የመጡ ኢትዮጵያውያንን አስጠልለዋል። እንዲህ ባሉ ካምፖች የሚመዘገቡና የልደት ማስረጃ የሌላቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ በፈረንጆች ዓመት የመጀመሪያዋ ቀን፣ ጃንዋሪ 1፣ እንደተወለዱ ተደርጎ ይጻፍላቸዋል። የተመዘገበው ቀን በኋላ ለትምህርት፣ ለሥራና ለጉዞ የሚጠየቅ ማስረጃ ሆኖ ይቀራል።

የፋው ካምፖች በስደተኞች በተሞሉበት በዚያው ዓመት፣ ሱዳናዊው ማኑት ቦል በኤንቢኤ ድራፍት ተመረጠ። ቁመቱ 2.31 ሜትር ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ በ1983 የሳንዲያጎ ክሊፐርስ ቢመርጠውም፣ ሊጉ የምዝገባ ደንቡ አልተሟላም በሚል ምርጫውን ውድቅ አደረገው። በወቅቱ በሰፊው እንደተወራው፣ ፓስፖርቱ ላይ የሰፈረው ቁመት ከአንድ ሜትር ከ60 የማይበልጥ ሲሆን፣ ምክንያቱም ተቀምጦ በመለካቱ ነው ተብሏል። ማኑት በብሪጅፖርት ዩኒቨርሲቲ ከተጫወተ በኋላ በሰኔ 1977 ዓ.ም. በዋሽንግተን ቡሌትስ 31ኛ ሆኖ ተመረጠ። በመጀመሪያው የውድድር ዘመኑ 397 ኳሶችን አግዶ ለአዲስ ተጫዋች ክብረ ወሰን ሆነ።

ከ40 ዓመት በኋላ ወረቀት እንደገና ወሳኝ ሆነ። መጋቢት 27/2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ማርኮ ሩቢዮ የደቡብ ሱዳን ፓስፖርት የያዙ ሰዎች ቪዛ በሙሉ እንደሚሰረዝ አስታወቁ። ምክንያታቸው ጁባ ከአሜሪካ የሚባረሩ ዜጎቿን አልቀበልም ማለቷ ነው የሚል ነበር። ማስታወቂያው የወጣው ማሉዋች የኮሌጆቹን ግማሽ ፍጻሜ በተጫወተበት ዕለት ነው። ዩኒቨርሲቲው ሁኔታውን እየተከታተለ መሆኑን ከመግለጽ ውጪ ሊያረጋግጥ የሚችለው ነገር አልነበረም።

ማሉዋች አሜሪካ ቆይቶ ተመረጠ። ጥያቄው ግን ከእርሱ በኋላ ለሚመጡት አልቀረም። በዚያው ሰኔ ወር ሱዳንና ኤርትራን ጨምሮ የ12 አገራት ዜጎች ወደ አሜሪካ እንዳይገቡ የሚከለክል ድንጋጌ ሥራ ላይ ውሏል። በትልልቅ የስፖርት መድረኮች ለሚሳተፉ አትሌቶች የተለየ ፈቃድ ቢቀመጥም፣ ገና ስሙ ያልታወቀና የኮሌጅ ዕድል የሚፈልግ ታዳጊ የሚያመለክተው እንደ ማንኛውም ተማሪ ነው።

ስማቸው ያልተጠራው

ድራፍት ላይ አለመመረጥ የመንገዱ መጨረሻ አይደለም። ኑኒ ኦሞት የኢትዮጵያን የእርስ በእርስ ጦርነት ሸሽተው ከተሰደዱ ቤተሰቦች ኬንያ ውስጥ ተወልዶ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት አድጓል። ከትንሽ ኮሌጅ ተነስቶ ለቤይለር ዩኒቨርሲቲ ቢጫወትም በ2018 ድራፍት ማንም አልመረጠውም። በዚያው ዓመት ካርቱም ተወልዶ በአሜሪካ ያደገውና ለኬንታኪ የተጫወተው ዌንየን ገብርኤልም ሳይመረጥ ቀረ። ገብርኤል በኋላ ለሎስ አንጀለስ ሌከርስና ለሌሎች የኤንቢኤ ክለቦች ተሰልፏል። ኦሞት ደግሞ በ2023 ከግብጹ አል አህሊ ጋር የአፍሪካን ሊግ ዋንጫ አንስቶ የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች ተብሏል።

ሁለቱም በ2024 ለደቡብ ሱዳን ብሔራዊ ቡድን ተሰልፈዋል። ፌዴሬሽኑን በፕሬዝዳንትነት የሚመራው በ2004 ድራፍት ሰባተኛ ሆኖ የተመረጠው ሉዋል ዴንግ ነው። ዴንግ በልጅነቱ በስደት ግብጽ ሳለ ቅርጫት ኳስን ያስተማረው ማኑት ቦል ነበር። አብዛኞቹ አባላቱ በድራፍት ያልተመረጡት ይህ ቡድን ለንደን ላይ በተደረገ የወዳጅነት ጨዋታ የአሜሪካን ከዋክብት እስከ መጨረሻዎቹ ሴኮንዶች አስጨንቆ 101 ለ 100 ተሸነፈ። ፓሪስ ላይ ደግሞ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ 79 አሸንፎ የመጀመሪያውን የኦሊምፒክ ድል አስመዘገበ።

የሚቀጥለው ዓመት ትንበያ የሚወጣው ድራፍቱ በተጠናቀቀ ማግስት ነው። በዝርዝሩ የሚካተቱት ቀድሞ የታወቁ፣ በካሜራ የተቀረጹና መረጃቸው የተሰበሰበ ወጣቶች ናቸው። ማሉዋች በ2019 ካምፓላ ውስጥ የስፖርት ጫማ ሳይኖረው ኳስ መንጠር ሲጀምር በየትኛውም ዝርዝር ላይ አልነበረም።