ጡንቻን ለማጥናት ከጎንደር የተሻለ ቦታ የት አለ?

ወዳጆቼ፣ ከጎንደር በደባርቅ በኩል ወደ ሰሜን ተራሮች ስትወጡ እናንተ ትንፋሽ ሲያጥራችሁ የአገሩ ገበሬ ሸክሙን ተሸክሞ፣ ወሬውንም ሳያቋርጥ ዳገቱን ሲወጣው አይታችኋል? ነገሩ የሳንባ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ኦክስጅኑ በመጨረሻ የሚፈለገው ጡንቻው ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባሉ አሜሪካዊት አንትሮፖሎጂስት፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ከአምሃ ገብረመድኅንና ከሌሎች ጋር ሆነው፣ በኢትዮጵያ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ሰዎችን አጥንተው ውጤቱን አሳተሙ። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ የሚሰጠው ኦክስጅን ከባሕር ጠለሉ በአንድ ሦስተኛ ገደማ ያንሳል። በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ይህን የሚቋቋሙት በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከፍ አድርገው ነው፤ የቲቤት ሰዎች ደግሞ በደማቸው ያለው ኦክስጅን ዝቅ እንዳለ ይኖራሉ። የእኛዎቹ ሁለቱንም አልሆኑም! የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ 15.9፣ የሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲሊትር፣ የኦክስጅን ሙሌታቸው ደግሞ 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ታዲያ ጡንቻቸውስ ምን ይመስላል? አንድ የጎንደር ወጣት ተመራማሪ ዕድሜውን ቢሰጠው የማይቆጭበት ጥያቄ ይህ ነው።

በሂማላያ ተራሮች የሚኖሩት የሸርፓዎች ጡንቻ ግን ተመርምሯል። ጡንቻቸው ያገኘውን ኦክስጅን ቆጥቦ እንደሚጠቀም የሚያሳይ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2017 ወጥቷል። የጡንቻ ናሙና የሚወሰደው ስዊድናዊው ዮናስ በርግስትሮም እ.ኤ.አ. በ1962 ባስተዋወቀው መርፌ ነው፦ ጭኑ ይደነዝዛል፣ ቆዳው በጥቂቱ ይሰነጠቃል፣ መርፌው ገብቶ 100 ሚሊግራም ያህል ሥጋ ይዞ ይወጣል። ናሙናው ወዲያው በረዶ መሆን አለበት፤ ከዚያም ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ የጡንቻ ተመራማሪ ባዮሎጂውን ብቻ አይማርም። ለባላገሩ መርፌው ለምን እንደሚያስፈልግ አስረድቶ በፈቃዱ ማግኘትን፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን ማን እንደሚያስነሳ አስቀድሞ መወሰንንም ይማራል።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን አይችለውም። ለምሳሌ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ጡንቻ እንዴት እንደሚኮማተር የገለጹ ሁለት ጽሑፎች በአንድ የ«ኔቸር» መጽሔት እትም ወጡ። አንደኛው የአንድሪው ሃክስሊና የሮልፍ ኒደርገርኬ፣ ሁለተኛው የሂው ሃክስሊና የጂን ሃንሰን ነበር። ግኝቱ ድንቅ ነው፦ አክቲንና ማዮሲን የተባሉት ክሮች ራሳቸው አያጥሩም፤ የሁለት እጅ ጣቶች እርስ በርስ እንደሚገቡ ሁሉ አንዱ በሌላው መሃል ይንሸራተታል። ሂው ገና 30 ዓመቱ ነበር። እሱ ኤክስሬይና ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያውቃል፣ ጂን ደግሞ የብርሃን ማይክሮስኮፕ፤ አሜሪካ ውስጥ በአንድ ቤተ ሙከራ ተገናኝተው ነው የተጣመሩት።

በዚያው በ1954 ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ የዛሬው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ መነሻ እሱ ነው። ኮሌጁ የጤና መኮንኑን፣ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን በአንድ ቡድን አድርጎ ገጠር ጤና ጣቢያ እየላከ አሠለጠነ፤ ያ ልማድ ዛሬም አለ። እኔ የምለው፣ የጡንቻ ተመራማሪዎችም በዚሁ ባህል ይሠልጥኑ። የፊዚዮሎጂው፣ የፊዚዮቴራፒውና የሥነ ምግቡ ተማሪ ገና ከጅምሩ አብረው ደባርቅ ይውጡ። ውድ መሣሪያ እስኪገዛ መጠበቅም የለባቸውም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የሕፃናትን ክንድ የምትለካበትን ሪባን ታውቁታላችሁ። እሱም ጡንቻ ይለካል፤ የክንዱን ጡንቻና ስብ ማለት ነው። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባለ ሕፃን ላይ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት ነው፤ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ስህተት ልጁ ፕላምፕኔት የተባለውን የሕክምና ምግብ እንዲያገኝ ወይም እንዳያገኝ ሊወስን ይችላል። ልምምዱ ከዚህ ይጀመር፦ የግራ ክንድ ዘና ብሎ ይንጠልጠል፣ በትከሻና በክርን መሃል ምልክት ይደረግ፣ ሪባኑ ሳይጠብቅም ሳይላላም ይዙር። ሁለት ተማሪዎች አንዱ የሌላውን ቁጥር ሳያይ ያንኑ ልጅ ይለኩ፣ ምልክቱ ተጠርጎ እንደገና ይለኩ። ቁጥሮቻቸው እስኪቀራረቡ ድረስ አማካሪያቸው የናሙና መርፌውን አያስይዛቸው።