ለዳሌ ቆብ ወይስ ሙሉ ቅየራ?

“ሲስተር፣ ልጄ ከውጭ ደውሎ አጥንት ሳይቆርጡ ቆብ የሚያለብሱበት የዳሌ ቀዶ ሕክምና አለ ይለኛል፤ እርስዎ ምን ይላሉ?” አለችኝ ጎረቤቴ፣ እሑድ እዚሁ ሀዋሳ ቡና እየጠጣን። ዳሌዋን ካመማት ቆይቷል። ወጌሻም አሽቷታል (ያለቀ ልም አጥንት በመታሸት አይመለስም፤ ስንቴ ልናገር!)።

ልጇ እውነቱን ነው። በሙሉ ቅየራ የጭን አጥንት ክብ ራስ ከነአንገቱ ተቆርጦ ይወጣና የብረት ዘንግ አጥንቱ ውስጥ ይገባል። በሌላው ግን ራሱ ተሞርዶ የብረት ቆብ ይደፋበታል፤ ጎድጓዳውም በብረት ይለበጣል። የቴኒሱ አንዲ መሪ እ.ኤ.አ. በ2019 መጀመሪያ ይህንኑ አሠርቶ፣ በዚያው ዓመት አንትወርፕ ላይ ዋንጫ አንስቷል።

መሪ ግን ወንድ ነው። ብረት ከብረት ሲፋተግ ኮባልትና ክሮሚየም ወደ ደም ይገባሉ። ትንሽ አጥንት ባላቸው ሴቶች ላይ ቆቡ ቶሎ እየተበላሸ ስላስቸገረ፣ የታወቀው የበርሚንግሃም ቆብ አምራች በ2015 ለሴቶች እንዳይገጠም አስታውቋል።

“ውሳኔው የአጥንት ሐኪምሽ ነው፤ እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ላንቺ ሙሉ ቅየራው ይሻላል” አልኳት። ከዚያ በኋላ ቁጢጥ ማለትና በርጩማ ላይ መቀመጥ መገጣጠሚያውን ሊያወልቀው ይችላል። ስለዚህ ልጇ ከወዲሁ የመቀመጫ ሽንት ቤት ያሠራላት።