በእሳት የሚጋገር ቀለም፦ የመኪና ሞተር አካላትና የዱቄት ቅብ

ከዳላስ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በርካታ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩባት ከጋርላንድ አጠገብ፣ ሳክሲ የምትባል አነስተኛ ከተማ አለች። ከፊሏ በዳላስ፣ ከፊሏ በኮሊን አውራጃ ውስጥ ነው። ስሟን ያገኘችው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከፕሩሲያ መጥቶ በሥፍራው ከሰፈረው ከዊልያም ሳክሲ ነው። በዚህ የቴክሳስ ክፍል ያለ መኪና ኑሮ አይታሰብም፤ ያረጀ መኪናን በቤት ጋራዥ ፈታትቶ ማደስም የተለመደ የዕረፍት ቀን ሥራ ነው። ሞተሩ ከተፈታ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፦ ቀለሙ የተላጠው ብረት በምን ይቀባ?

ጥያቄው የውበት ብቻ አይደለም። ፈሳሽ ቀለምን የሚያቀጥኑት ማሟሚያዎች ቀለሙ ሲደርቅ ወደ አየር ይተናሉ። ትነቱ በፀሐይ ብርሃን ከመኪና ጭስ ጋር ሲገናኝ ሳንባን የሚጎዳ ኦዞን ይፈጠራል። ዳላስና ኮሊን የፌዴራሉን የኦዞን መመዘኛ ካላሟሉ አውራጃዎች መካከል ናቸው። ቴክሳስ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የግል መኪኖችን ዓመታዊ የደኅንነት ምርመራ ስታስቀር፣ በእነዚህ አውራጃዎች የጭስ ምርመራው እንዲቀጥል መደረጉም ያለ ምክንያት አይደለም። በተለምዶ ፓውደር ኮቲንግ የሚባለው የዱቄት ቅብ ግን ማሟሚያ አያስፈልገውም።

የዘዴው ጀማሪ ኤርቪን ጌመር የተባለ ጀርመናዊ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጌመር የፕላስቲክ ዱቄት በአየር ግፊት እየተንሳፈፈ እንደ ፈሳሽ በሚናጥበት ገንዳ ውስጥ የጋለ ብረት በመንከር ብረቱን ማልበስ ቻለ። ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት፣ ዱቄቱን በኤሌክትሪክ ኃይል የመርጨት ስልት የተስፋፋው ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው።

ዱቄቱ እንደ ኤፖክሲና ፖሊስተር ካሉ ሙጫዎች፣ ከማጠንከሪያና ከቀለም ሰጪ ቅመም የተዘጋጀ ነው። የመርጫው ጫፍ እስከ 100,000 ቮልት በሚደርስ ኃይል ለእያንዳንዷ ቅንጣት ኤሌክትሪካዊ ሙል ይሰጣታል። የሚቀባው ብረት ከመሬት ጋር በሽቦ ስለ ተገናኘ ቅንጣቶቹን ወደ ራሱ ይስባል፤ ማበጠሪያ ፀጉር ላይ ከታሸ በኋላ የወረቀት ብጣሽ እንደሚያነሣ ማለት ነው። ቀጥሎ ብረቱ ምድጃ ገብቶ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይጋገራል። እዚህ ላይ የሚሆነው መቅለጥ ብቻ አይደለም። ቅቤ ቀልጦ ተመልሶ ይረጋል፤ የተቀቀለ እንቁላል ግን ወደ ጥሬነቱ አይመለስም። የዱቄቱ ሞለኪውሎችም እንደ እንቁላሉ በሙቀት እርስ በርስ ስለሚተሳሰሩ፣ ቅቡ ዳግመኛ ቢሞቅ አይቀልጥም። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ60 እስከ 80 ማይክሮ ሜትር ነው፤ የሚሊሜትር አሥረኛ እንኳ አይሞላም። በአዲስ አበባ ሕንፃዎች ላይ የምናያቸው ባለ ቀለም የአሉሚኒየም መስኮቶችም ብዙዎቹ በዚሁ መንገድ የተቀቡ ናቸው።

መስኮት ግን ሞተር አይደለም። መስኮት በደንብ ባይቀባ ቀለሙ ይላጣል፤ ሞተር በግዴለሽነት ቢቀባ ይሞታል።

የአደጋው ምንጭ ቀለሙ ሳይሆን ከቀለሙ በፊት የሚደረገው ጽዳት ነው። ዱቄቱ እንዲይዝ ብረቱ ከዘይት መጽዳት፣ ከዚያም በጥቃቅን የመስታወት እንክብሎች ወይም በአሉሚኒየም ኦክሳይድ መፋቅ አለበት። የቴስታታው የላይኛው ክዳን፣ ማለትም የቫልቭ ክዳኑ፣ በውስጡ የዘይት ጉም የሚያጣራ የተከደነ ክፍል አለው። እንክብሎቹ ወደዚያ ከገቡ ውኃም የአየር ግፊትም በቀላሉ አያወጣቸውም። ክዳኑ አምሮ ተቀብቶ ይመለሳል፤ ሞተሩ ሲነሣ ሙቀትና ንዝረት የተደበቀውን ያራግፉታል፤ እንክብሉ ከዘይቱ ጋር ወርዶ የክራንኩን ኩሽኔታዎች ይፍቃል። ለጌጥ የወጣው ጥቂት ገንዘብ በሙሉ ሞተር ዋጋ ይመነዘራል። በዚህ ጸሐፊ እምነት ያ ክፍል ተነቅሎ መጽዳት ካልቻለ ክዳኑን በአሸዋም ሆነ በእንክብል አለማስነካት ይሻላል፤ በኬሚካል መላጥ ይቻላልና። ተራ አሸዋማ ለሠራተኛውም ጠላት ነው፤ የሲሊካ አቧራው ሲሊኮሲስ የተባለውን የማይድን የሳንባ በሽታ ያመጣል።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የት መቀባት እንደሌለበት ማወቅ ነው። ጓርኒሲዮን የሚያርፍበት ገጽ፣ የብሎን ጥርስ፣ ኩሽኔታ የሚገባበት ቀዳዳ በሙቀት በማይበላሽ ቴፕና በሲሊኮን ውታፍ ይሸፈናሉ። ብሎን የሚጫነው ቅብ ቀስ በቀስ ስለሚታመቅ ብሎኑ ይላላል። የማይቀባውን መሸፈን ከመቀባቱ በላይ ጊዜ የሚወስደው ስለዚህ ነው።

ከሻጋታ የወጣ አሉሚኒየም ደግሞ ቀዳዳማ ነው። ለዓመታት ዘይት የጠጣ ክዳን ምድጃ ሲገባ ዘይቱ ተንኖ ቅቡን ያረፋዋል፤ ስለዚህ ሳይቀባ አስቀድሞ አንድ ጊዜ መጋገር አለበት። ጥልቅ ጎድጓዶችም አስቸጋሪ ናቸው፤ ማይክል ፋራዳይ በ1836 እንዳሳየው የኤሌክትሪክ መስክ በብረት ወደተከበበ ሥፍራ አይዘልቅምና ዱቄቱ ጠርዝ ላይ ተከማችቶ ውስጡን ባዶ ይተወዋል። የጭስ መውጫውማ ተራ የዱቄት ቅብ ጨርሶ አይችለውም፤ ሙቀቱ ቅቡን ያቃጥለዋል። ለእርሱ የሚሆነው የሴራሚክ ወይም ከፍተኛ ሙቀት የሚችል የሲሊኮን ቅብ ነው።

በቤት ለመሞከር የሚያስቡ ሁለት ነገር ይወቁ፦ ዱቄቱ የተጋገረበት ምድጃ ዳግመኛ ምግብ አይሠራበትም፤ በአየር ላይ የበነነ ዱቄትም በአንዲት የእሳት ፍንጣሪ ሊፈነዳ ይችላል።

ጉዳዩ ለሀገር ቤት አንባቢም ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ መንግሥት በ2024 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በመንገድ ላይ ያሉት ኮሮላዎችና ቪትዞች ዕድሜያቸው እንዲረዝም ይፈለጋል። ለዚህ ደግሞ ከብልጭልጩ ክዳን ይልቅ ዝገት የሚበላው የዘይት ኮፓና የሞተር መያዣው ብረት ቢቀቡ ጥቅሙ ይበልጣል። ሲገጠሙ ግን የባትሪው የመሬት ሽቦ የሚታሰርበት ቦታ ቅቡ ተፍቆ ብረቱ መታየት አለበት፤ ቅቡ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና ሽቦው በላዩ ከታሰረ መኪናው አይነሣም።